አዝማቹና ስንኙ፤ ብሩስ ስፕሪንግስቲንና የ1980ዎቹ አሜሪካ

ሴፕቴምበር 19 ቀን 1984 ዓ.ም. የዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ለሁለተኛ ጊዜ ለመመረጥ በሚያካሂዱት ዘመቻ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት ሃሞንተን በምትባል አነስተኛ ከተማ ተገኝተው ንግግር አደረጉ። በንግግራቸውም መካከል የአሜሪካ የወደፊት ዕድል በዜጎቿ ልብ ውስጥ ባለው ሕልም ላይ የተመሠረተ መሆኑን ካወሱ በኋላ፣ ይኸው የተስፋ መልእክት ወጣቶች በሚያደንቁት በአገሩ ልጅ በብሩስ ስፕሪንግስቲን ዘፈኖች ውስጥ እንደሚገኝ ገለጡ። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ዘፋኙ በፒትስበርግ ከተማ ከመድረክ ላይ ቆሞ፣ ፕሬዚዳንቱ ስሙን ማንሣታቸውን እንደ ሰማና ከሸክላዎቹ መካከል የትኛውን ይወዱ ይሆን ብሎ እንዳሰበ ለታዳሚው አጫወተ፤ «ነብራስካ» የተባለውን ግን የሰሙት እንደማይመስለው ተናገረ። ወዲያውም «ጆኒ 99» የሚለውን ዘፈን ጀመረ። ይህ ዘፈን የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካው ተዘግቶበት ሥራውን ያጣ፣ ሰክሮም ሰው በጥይት የመታ፣ 99 ዓመት እስራት ሲፈረድበት ከዚህስ ሞት ይሻለኛል ብሎ ዳኛውን የሚለምን የአንድ ሠራተኛ ታሪክ ነው። በዘፈኑ የተጠቀሰው ፋብሪካም የፈጠራ አይደለም፤ የፎርድ ኩባንያ በኒው ጀርሲ፣ በማህዋ ከተማ የነበረውና በ1980 ዓ.ም. የተዘጋው ፋብሪካ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

ፕሬዚዳንቱና ዘፋኙ ስለ አንድ ሰው ሥራ ሲናገሩ ሁለት ተቃራኒ ነገር መስማታቸው የአንድ ሳምንት የጋዜጣ ወሬ ሆኖ ሊቀር በቻለ ነበር። ነገር ግን ነገሩ ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር የመላውን ዘመን ጠባይ የሚገልጥ ሆኖ ይገኛል። ስፕሪንግስቲን የ1980ዎቹን አሜሪካ ያንጸባረቀው በአንድ በኩል ብቻ አልነበረም። በስንኞቹ፣ ዘመኑ በሠራተኛውና በዘማቹ ላይ ያደረሰውን ተረከ። በአዝማቹ፣ በከበሮውና በሰንደቅ ዓላማው ደግሞ ዘመኑ ስለ ራሱ ሊሰማ የሚፈልገውን ድምፅ ሰጠ። ብዙኃኑም ሁለተኛውን ተቀብሎ የፊተኛውን ሳይሰማው ቀረ።

በ1949 ዓ.ም. የተወለደው ስፕሪንግስቲን ያደገው ፍሪሆልድ በምትባል የኒው ጀርሲ ከተማ ነው። አባቱ በከተማዋ የምንጣፍ ፋብሪካ፣ በአውቶቡስ ሾፌርነት፣ በእስር ቤት ዘበኝነትና በሌላም ሥራ ሲዘዋወር የኖረ፣ ማታ ማታ በጨለማ ወጥ ቤት ብቻውን መቀመጥ የሚወድ ዝምተኛ ሰው ነበር። ቤተ ሰቡን ቀጥ አድርጋ የያዘችው በጸሐፊነት የምትሠራው እናቱ ነበረች። የምንጣፉ ፋብሪካ በ1960ዎቹ ዓመታት ሲዘጋ ልጁ ገና ጊታር መያዙ ነበር። ስለዚህ የፋብሪካ መዘጋት ለዚህ ሰው ከጋዜጣ የተነበበ ጉዳይ ሳይሆን ከቤት የተማረው ነው። በ1975 ዓ.ም. «ቦርን ቱ ራን» የተባለው አልበሙ ወጥቶ ታይምና ኒውስዊክ መጽሔቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱም ሥዕሉን በሽፋናቸው ላይ ሲያወጡ፣ ዘፈኖቹ ስለ ሽሽት ነበሩ፤ ወጣቱ መኪናውን አስነሥቶ ከትንሿ ከተማ ይወጣል። ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ ግን ዘፈኖቹ ስላልሸሹት፣ እዚያው ስለ ቀሩት ሰዎች ሆኑ።

በዚያው ወራት ከኒው ጀርሲ እስከ ታላላቆቹ ሐይቆች ድረስ ያለው የኢንዱስትሪ አገር መናድ ጀምሮ ነበር። በኦሃዮ ግዛት፣ በያንግስታውን ከተማ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1977 ዓ.ም. የካምቤል ብረታ ብረት ፋብሪካ መዘጋቱ በድንገት ተነገረና 5,000 ያህል ሠራተኞች እንጀራቸው ተቋረጠ፤ ዕለቱም «ጥቁር ሰኞ» ተባለ። በ1979 ዓ.ም. በመላው አገር በብረት ሥራ የተሰማራው ሕዝብ ከ400,000 ይበልጥ ነበር፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ግን ከግማሽ በታች ወረደ። የውጭ አገር ብረት በርካሽ መግባቱ፣ ማሽኖቹ ማርጀታቸው፣ የወለድ መጠን መናሩና ባለ ሀብቶቹ ገንዘባቸውን ወደ ሌላ ሥራ ማዛወራቸው ሁሉ ተደራርቦ የመጣ ነው። በ1981 ዓ.ም. የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ፕሬዚዳንት ሬገን ከ11,000 የሚበልጡትን በአንድ ትእዛዝ ከሥራ አሰናበቱ፤ የሙያ ማኅበራት ከዚያን ቀን ወዲህ ድምፃቸው ዝቅ አለ። በ1982 ዓ.ም. መጨረሻም የሥራ አጡ ቁጥር ከመቶ 10.8 ደረሰ።

«ነብራስካ» የተቀረጸው በዚህ ዓመት ጥር ወር ላይ ነው። አቀራረጹም ሊነገር የሚገባው ነው። ስፕሪንግስቲን በኮልትስ ኔክ በተከራየው ቤት መኝታ ክፍል ተቀምጦ፣ በአብዛኛው በጊታርና በአፍ ሃርሞኒካ፣ ድምፅ በአራት መስመር በሚቀዳ አነስተኛ የካሴት መቅጃ ዘፈኖቹን ቀረጸ። ዓላማው ለባንዱ የሚያስጠናውን ማዘጋጀት ነበር፤ ካሴቱንም ያለ ማኅደሩ በኪሱ ይዞት ይዞር ነበር ይባላል። በኋላ ባንዱ በስቱዲዮ ቢሞክረው ዘፈኖቹ ሕይወት አጡ። ቢቸግር ያው የኪስ ካሴት ራሱ ወደ ሸክላ ተገለበጠና በሴፕቴምበር 1982 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ። በዚያ ጊዜ የሮክ ሙዚቃ በብዙ መሣሪያና በውድ ስቱዲዮ ተኳኩሎ የሚወጣበት ዘመን ነበርና፣ ይህ በጭለማ ቤት የተንሾካሾከ የሚመስል ሸክላ ለአድማጩ እንግዳ ነገር ሆነበት። በውስጡ ያሉት ሰዎች ነፍሰ ገዳይ፣ ዕዳው የበዛበት፣ ወንድሙን ለማሰር የሚከተል ፖሊስ፣ የአባቱን ቤት በሕልም የሚፈልግ ልጅ ናቸው። መንግሥትን የሚወቅስ አንድ ቃል እንኳ የለበትም። ዳሩ ግን የሥራ አጥነቱ ቁጥር በሰው ፊት ላይ ምን እንደሚመስል ከዚህ አልበም በተሻለ ያሳየ የዚያ ዘመን ሥራ ማግኘት ያዳግታል።

አብሮ በዚያ ካሴት ላይ ተቀርጾ ከአልበሙ የቀረ አንድ ዘፈን ነበር። ርእሱ «ቦርን ኢን ዘ ዩ.ኤስ.ኤ.»፣ በግርድፉ «አሜሪካ የተወለደ» ማለት ነው።

የዚህን ዘፈን ሥር ለማግኘት ወደ ቬትናም መመለስ ያስፈልጋል። የስፕሪንግስቲን የመጀመሪያ ባንድ ከበሮ መቺ የነበረው ልጅ ዘምቶ በ1967 ዓ.ም. እዚያው ወድቋል። ስፕሪንግስቲን ራሱ በሞተር ብስክሌት አደጋ ጭንቅላቱ ተመትቶ ስለ ነበረ በሐኪም ምርመራ ከግዳጁ ቀርቷል። የሄደና የቀረ ሰው ዕዳ በሥራው ላይ ሲመላለስ ይታያል። ከዚያም በጦርነቱ ቆስሎ ሽባ የሆነው ሮን ኮቪክ በ1976 ዓ.ም. ያሳተመውን የሕይወት ታሪክ አንብቦ ከደራሲው ጋር ተዋወቀ፤ በርሱም አማካይነት ቦቢ ሙለር ከተባለው የቬትናም ዘማቾች ማኅበር መሥራች ጋር ተገናኘ። ይህ ማኅበር በገንዘብ እጦት ሊበተን ተቃርቦ ሳለ፣ ኦገስት 20 ቀን 1981 ዓ.ም. ስፕሪንግስቲን በሎስ አንጀለስ ለማኅበሩ መርጃ የሚውል ትርዒት አሳየ። ከመድረኩ ጎን አካለ ስንኩል የሆኑ ዘማቾች ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ተደርድረው ነበር። በዋሽንግተን ከ58,000 የማያንሱ የሙታን ስሞች የተቀረጹበት ጥቁር ግንብ የተመረቀው ከዚህ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በኖቬምበር 1982 ዓ.ም. ነው። ይህም ማለት አሜሪካ የተሸነፈበትን ጦርነት ከነዘማቾቹ ለመርሳት ስትሞክር በነበረበት ሰዓት ዘፈኑ ተጸንሷል ማለት ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። በደሀ ከተማ የተወለደ ልጅ አንድ ጥፋት ያጠፋና ጠመንጃ ተሰጥቶት ወደ ቬትናም ይላካል። ሲመለስ የነዳጅ ማጣሪያው አይቀጥረውም፤ የዘማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤትም መልስ የለውም። ወንድሙ ኬ ሳን ላይ ቀርቷል። ዐሥር ዓመት ቆይቶም የሚሄድበት ስፍራ አጥቶ በእስር ቤቱና በነዳጅ ማጣሪያው እሳት አጠገብ ይገኛል። በየመካከሉ ግን አዝማቹ፣ ያ የትውልድ አገር ስም፣ ደጋግሞ ይመለሳል።

በካሴቱ ላይ አዝማቹ የሚሰማው እንደ እሮሮ ነው። በ1982 ዓ.ም. ጸደይ ባንዱ በኒው ዮርክ ስቱዲዮ ዘፈኑን ሲያነሣው ሮይ ቢታን በሲንተሳይዘር አጭር ዜማ መታ፣ ማክስ ዋይንበርግ ከበሮውን እንደ መድፍ አስተጋባው፣ ዘፋኙም አዝማቹን በጩኸት ለቀቀው። እሮሮው የሰልፍ ዜማ ሆነ። ዜማውም ግጥሙም ያው ነው፤ የተለወጠው ድምፁ ብቻ ነው።

በአማርኛ የቅኔ ልማድ ያደገ አንባቢ ወዲያው ሰምና ወርቅ ትዝ ይለው ይሆናል። ይሁን እንጂ ምሳሌው እዚህ ላይ በቀጥታ አይሠራም። በቅኔ ወርቁ የሚሰወረው በሰሙ ውስጥ ነው፤ ሰሚውም እንዲያወጣው ይታሰባል። በዚህ ዘፈን ግን የተሰወረ ነገር የለም። ስንኙ በገሃድ፣ በማንኛውም ተራ ሰው ቃል ተነግሯል። የዘፋኙ ድምፅ ሻካራ መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ ግጥሙ ከአልበሙ ጋር ታትሞ ለገዢው ሁሉ ተሰጥቷል። ወርቁን የሸፈነው ሰሙ ሳይሆን የሰሚው ፍላጎት ነው ማለት ይቻላል።

አልበሙ ጁን 4 ቀን 1984 ዓ.ም. ሲወጣ ያ ፍላጎት ከምን ጊዜውም የበለጠ አይሎ ነበር። ሥራ አጥነቱ ቀነስ ማለት ጀምሯል። በዚያው ክረምት የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ሶቪየት ኅብረትና ወዳጆቿ፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ ባልተገኙበት ተካሂዶ የአሜሪካ ስፖርተኞች ወርቁን ጠራርገው ሲወስዱ፣ በየአደባባዩ ሰንደቅ ዓላማ የማይውለበለብበት ቀን አልነበረም። በ1981 ዓ.ም. የተከፈተው ኤም.ቲ.ቪ. የቴሌቪዥን ጣቢያ ዘፈንን በጆሮ ከመስማት በዓይን ወደ ማየት አሸጋግሮታል። ስፕሪንግስቲንም በፊት ከሚታወቅበት ከሲታ ሰውነት ክንደ ፈርጣማ ሆኖ ብቅ አለ። አኒ ሊቦቪትዝ ያነሣችው የአልበሙ ሽፋን ጂንስ ሱሪ ለብሶ፣ ቀይ ቆብ በኋላ ኪሱ ሻጥ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ሰንደቅ ዓላማው መስመሮች፣ ጀርባውን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ያሳያል። ሲልቬስተር ስታሎን ራምቦን ሆኖ ቬትናምን በሲኒማ ለሁለተኛ ጊዜ የተዋጋላትና ያሸነፈላት በዓመቱ ነው። ችኩል ተመልካች ሁለቱን ፈርጣሞች ለማምታታት ብዙ አልተቸገረም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዘመኑን አጉልታ የምታሳይ አንዲት ትንሽ ነገር አለች። በአሜሪካ ምድር ለገበያ የታተመው የመጀመሪያው ኮምፓክት ዲስክ ይኸው «ቦርን ኢን ዘ ዩ.ኤስ.ኤ.» ነው። የታተመውም በኢንዲያና ግዛት፣ በቴር ሆት ከተማ፣ የጃፓኑ ሶኒ በከፈተው አዲስ ፋብሪካ ነው። ስለ ተዘጋ ፋብሪካ የሚያለቅስ ሥራ የሌላውን ፋብሪካ ምርቃት አጀበ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተሻማው። ወግ አጥባቂው ጋዜጠኛ ጆርጅ ዊል አንድ ትርዒት ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ተመለከተና፣ የፋብሪካ መዘጋት ቢወሳም በደስታ በተሞላ የአገር ስም እንደሚታጀብ አድንቆ ጻፈ። የሬገን ንግግር የመጣው ጽሑፉ ከወጣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነበር። የተቃዋሚው እጩ ዋልተር ሞንዴልም የዘፋኙን ድጋፍ እንዳገኙ ተናግረው ወዲያው ማስተባበያ ለመስጠት ተገደዱ። የክራይስለር መኪና ኩባንያ ኃላፊ ሊ አያኮካ ዘፈኑን ለማስታወቂያ ለማዋል በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር እንዳቀረቡና ስፕሪንግስቲን እምቢ እንዳለ ይነገራል። በኖቬምበር ሬገን 49 ግዛቶችን አሸነፉ።

ዘፋኙን ከደሙ ንጹሕ አድርጎ ማቅረብ ግን ትክክል አይሆንም። ሰንደቅ ዓላማውን በሽፋኑ ላይ ያኖረው፣ ከበሮውን ያስጮኸው፣ በእጅግ ሰፊ ስታዲየሞች ለመጫወት የተስማማው ራሱ ነው። ከአልበሙ ሰባት ዘፈኖች በአገሩ የሽያጭ ሰንጠረዥ እስከ ዐሥረኛው ባለው ደረጃ ገቡ፤ አልበሙም በአሜሪካ ብቻ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በእሮሮ መልክ የቀረበው «ነብራስካ» ከዚህ ቁጥር አጠገብ አልደረሰም። አገሩን የሚወቅስ ሰው ያንኑ አገር የሚወድ መሆኑን በአንድ ድምፅ ለመናገር ሞከረ፤ ሙከራውም የሚያስከብረው ነው። ነገር ግን ሰባ ሺህ ሰው በተሰበሰበበት ሜዳ ከሁለቱ ድምፆች የትኛው ጎልቶ እንደሚሰማ አስቀድሞ አለማሰቡ ያስገርማል።

ስሕተቱን በንግግር ብቻ ለማረም እንዳልፈለገ ደግሞ ሥራው ይመሰክራል። በ1984 እና በ1985 ዓ.ም. በየከተማው ሲዘዋወር ለችግረኞች ምግብ ለሚያድሉ ድርጅቶችና ለሥራ አጥ የብረት ሠራተኞች ማኅበራት ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ ከመድረክም የየከተማውን ድርጅት ስም እየጠራ ሰዉ እንዲረዳ ይለምን ነበር። በሀብታሚቱ አገር የምግብ እደላ ሰልፍ መኖሩን ያላወቀ ብዙ ወጣት ከርሱ አፍ ሰማ።

በዚሁ ጊዜ ነው የኢትዮጵያ ስም ከዚህ ታሪክ ጋር የሚገናኘው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1977 ድርቅ የሚባለው እልቂት፣ የቢቢሲ ቴሌቪዥን በኦክቶበር 1984 ዓ.ም. ከኮረም ባሰራጨው ዘገባ ለዓለም ከታየ በኋላ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ዓ.ም. ማታ ከአርባ የሚበልጡ ድምፃውያን በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ ተሰብስበው ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ የደረሱትን «ዊ አር ዘ ዎርልድ» ዘመሩ። ስፕሪንግስቲን በዋዜማው በሲራክዩስ ከተማ ትርዒቱን ጨርሶ መጥቶ ነበር፤ ሻካራ ድምፁም ከሁሉ ተለይቶ ይታወቃል። የተገኘው ገንዘብ ለብዙዎች እህልና መድኃኒት ሆኗልና መልካም ሥራነቱ አይካድም። ሆኖም ግጥሙ የኢትዮጵያን ስም አይጠራም፤ ስለ ድርቁ፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ መንግሥት አሠራሩም አያነሣም። ረኀቡ ከሰማይ እንደ ወረደ ሁሉ መነሻ የለውም። ይኸውም የዚያ ዘመን ጠባይ ነው፤ የተራበው ፊት በቴሌቪዥን ይታያል፣ አዝማቹም በአንድነት ይዘመራል፣ ለምን የሚለው ስንኝ ግን ይዘለላል። በዚያ ሌሊት የዘመረው ዘፋኝ በራሱ አገር ይኸው ዕጣ ደርሶበት ነበር።

ዓመቱ ሳይገባደድ ነገሩ ወደ ትውልድ ከተማው መጣ። በፍሪሆልድ የቴፕ ክር የሚሠራው የ3ኤም ኩባንያ ፋብሪካ ሊዘጋ መሆኑ ተነገረ። ያን ጊዜ «ማይ ሆምታውን»፣ ያንኑ የምንጣፍ ፋብሪካ መዘጋት የሚያወሳው ዘፈኑ፣ በየራዲዮው ይሰማ ነበር። በዲሴምበር 1985 ዓ.ም. ስፕሪንግስቲንና ዊሊ ኔልሰን ኩባንያው ሐሳቡን እንዲለውጥ የሚማጠን ግልጽ ደብዳቤ በጋዜጦች ላይ በፊርማቸው አወጡ፤ በጃንዋሪ 1986 ዓ.ም. ደግሞ በአዝበሪ ፓርክ፣ ስቶን ፖኒ በተባለው ጠባብ መጠጥ ቤት ለሠራተኞቹ መርጃ ተጫወተ። ይህ ሁሉ ፋብሪካውን አላዳነውም። በዓለም እጅግ የታወቀው የከተማዋ ልጅ፣ በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ፣ በከተማዋ አንድ ፋብሪካ ማቆየት አልቻለም።

ሽሚያው በዋሽንግተን ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ጁላይ 19 ቀን 1988 ዓ.ም. የምሥራቅ ጀርመን ወጣቶች ማኅበር ጋብዞት በምሥራቅ በርሊን፣ በቫይሰንዜ ሜዳ ከ160,000 ለማያንስ ሕዝብ ተጫወተ። አዘጋጆቹ ሳይነግሩት ትርዒቱን ለኒካራጓ የሚደረግ ድጋፍ አስመስለው አሳትመውት ነበር። እንግዲህ ሬገን የተስፋ መልእክት ያሉት ዘፋኝ በሌላው ጎራ ደግሞ የካፒታሊዝም ወቃሽ ሆኖ ሊቀርብ ነው። ስፕሪንግስቲን ተቆጣ፤ ከመድረክም በጀርመንኛ፣ ለየትኛውም መንግሥት ወግኖ ወይም ተቃውሞ እንዳልመጣ፣ አጥሮች ሁሉ አንድ ቀን እንዲፈርሱ ተስፋ አድርጎ ሊጫወት እንደ መጣ ተናገረ። «ግንብ» የሚለውን ቃል በመጨረሻ ሰዓት «አጥር» በሚለው መለወጡን በኋላ የጻፉ አሉ። ወጣቶቹ ግን በየቤታቸው የሰፏትን የአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ እያውለበለቡ፣ ያንኑ አዝማች በሙሉ ድምፅ አዜሙ። ስለ ተጣለ ዘማች የተጻፈው ዘፈን ለነርሱ የነጻነት ዘፈን ሆኖላቸው ነበር። ለዚህኛው ስሕተት ማንም ሊወቅሳቸው የሚችል አይመስልም።

ስፕሪንግስቲን በ1995 ዓ.ም. «ዘ ጎስት ኦቭ ቶም ጆድ» የተባለውን አልበም አውጥቶ ያለ ባንድ ብቻውን ሲዞር ዘፈኑን እንደ ገና አነሣው። ጊታሩን በብረት እያንሸራተተ፣ ስንኞቹን አንድ በአንድ፣ በዝግታ ይናገራቸው ነበር፤ አዝማቹ እምብዛም አይሰማም። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ያ በመኝታ ቤት የተቀረጸው የ1982ቱ ካሴት ቅጂ «ትራክስ» በተባለው ስብስብ ውስጥ ታተመ። በብቸኝነቱ ጉዞ ጊዜ ታዳሚው አብሮት እንዳይዘፍንና እንዳያጨበጭብ ከትርዒቱ በፊት ይለምን ነበር። የተጫወተባቸውም ስታዲየሞች ሳይሆኑ ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ የሚይዙ ቲያትር ቤቶች ነበሩ።